ለክቡር የስልክ ፍላሽ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጨለማችንን እንዲመልሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከብርሃንዎ በስተቀር ደህና ነን።

ላ ፓልማ በምትባለው የስፔን ደሴት ላይ ተገናኝተን ነበር። ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ የቆመው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ደሴቷ እሳተ ገሞራ የወለዳት ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 እንኳ 85 ቀን እሳት ስትተፋ ከርማለች። አናቷ ላይ፣ ሮኬ ዴ ሎስ ሙቻቾስ በሚባለው ተራራ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቴሌስኮፖች ተደርድረዋል። ትልቁን ቀን ላይ አየነው፤ መስታወቱ 10.4 ሜትር ነው፣ ከ36 ቁራጭ የተገጣጠመ። ሲመሽ ዝቅ ወዳለ ሜዳ ወረድን። የመኪና መብራት ቴሌስኮፖቹን ይረብሻላ!

ደመናው ከእግራችን በታች ተነጥፏል። እንግሊዞች በአይዛክ ኒውተን ስም የሚጠራውን ቴሌስኮፕ ከአገራቸው ነቅለው እዚህ የተከሉት ደመና ሸሽተው ነው። ከደመናስ ይሸሻል። ከእርስዎ ወዴት ይኬዳል?

ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አስጎብኚያችን የያዘችው ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ቀይ ብዙም አይረብሽም። ዝም ብለን ቆምን። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ የከዋክብት ጎርፍ፣ ቀስ በቀስ ወጣ። ልክ 25ኛው ደቂቃ ላይ እርስዎ ቦግ!

እንደ አዲስ ጀመርን። እርስዎም እንደ አዲስ ቦግ!

ለካ አንድሮሜዳን ፎቶ ሊያነሱ ኖሯል። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በሚሏት ልዕልት ስም የምትጠራውን ጋላክሲ። (ዘመዳችን ናትና ቅር ብሎኛል።) የእሷ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የእርስዎ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ 5 ሚሊዮን። እስከዚያ ቻርጅ ይበቃዎታል?

ደሴቷ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሰማይዋን የምትጠብቅበት ሕግ አላት። የመንገድ መብራቶች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያበሩት። ቀና ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በሦስተኛው ቦግታ ትዕግሥቴ አለቀ። «የማነው ይሄ ስልክ?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አስጎብኚዋ በትሕትና ወደ ሱሪ ኪሴ ጠቆመችኝ። ጭኔ እንደ ፋኖስ ይበራል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአውራ ጣቴ