ይድረስ ለባንከር ሂል ሐውልት፣ ቻርልስታውን፣ ቦስተን

ክቡር ሐውልት፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ መኪናዬ ከመጎተቷ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከእንግሊዝ ጋር ለተዋጉት አሜሪካውያን መታሰቢያ የቆሙ ነዎት፤ 67 ሜትር ቁመት አለዎት። ባለፈው እሁድ፣ የጦርነትዎ መታሰቢያ ሰልፍ ዕለት፣ መኪናዬ ስትጫን ከላይ ሆነው ሳያዩ አልቀሩም። ያቆምኩበት መንገድ ላይ ማስታወቂያ ነበር አሉ። ነበር፤ ዛፍ ላይ የታሰረች ወረቀት፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ። ያቺን ወረቀት ቅጠል ገልጬ ማንበብ ነበረብኝ።

አብረውኝ የነበሩት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ እንደነጠላቸው፣ «ነይ የአሜሪካን ታሪክ ላሳይዎ» ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። (ደንግጬ «ነይ» አልኩ እንጂ እትዬን አንቺ ብዬ አላውቅም፤ ይህም በእርስዎ ላይ ይታሰብ።) 294 ደረጃ አለዎት፣ ሊፍት የለዎትም። የእትዬ ጉልበት አንገትዎን ቀና ብሎ ከማየት አላለፈም።

ስንመለስ ቦታው ባዶ ነው። «ልጄ፣ እዚህ አልነበር ያቆምከው?» «የቦስተን መንገድ ይመሳሰላል እትዬ።» ዞረን መጣን። ባዶ። ይሄኔ ከበሮ እየተመታ ለሰልፉ ቀይ ካፖርት የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አለፉ።

«እነዚህ ናቸው የወሰዷት?»

«አይ፣ እነዚህ እንግሊዞች ናቸው። በ1775 ነው የመጡት።»

«ታዲያ እስካሁን አልሄዱም?»

መኪና ማጎሪያው ደረስን። ወረፋውን አልተርክም። ወፍራም መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ቀና የማይል ሰውዬ። «ሬጅስትሬሽን።» ሬጅስትሬሽን፣ የመኪናዋ መመዝገቢያ ወረቀት፣ የት እንደሚቀመጥ መኪና ያለው ሁሉ ያውቃል። መኪናዋ ውስጥ ነው። ወደ መኪናዋ ልግባ? ያለ ሬጅስትሬሽን አይቻልም። ለምኜ፣ ለምኜ፣ አንዱ ሠራተኛ አጅቦኝ ገባሁ። በገዛ መኪናዬ እንደ ሌባ ጀርባዬን እየጠበቀ። ወረቀቱን ሰጠሁ። ካርዴን ዘረጋሁ። «ጥሬ ገንዘብ ብቻ።»

እትዬ ምንም አልተናገሩም። እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከትተው መሐረብ አወጡ። ጠዋት «ለሻይ» ብዬ የሰጠኋቸው ዶላርና ለዓመታት ያጠራቀሟት፣ ተጣጥፋ። መስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ ቆጥረው አስገቡ። ሰውዬው አሁንም ቀና አላለም።

ስማ አንተ ድንጋይ። ለዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። «አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ነፃነታቸውን ያወጁበትን አንድ ምክንያት ጥቀስ» ይላል። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ውክልና ሳይኖራቸው ግብር ስለተጫነባቸው። እኔስ? ከደሞዜ ግብር ይቆረጣል። ቅጣት እከፍላለሁ። ድምፅ አልሰጥም። ይህንኑ አንቀበልም ብለው የሞቱትን ለማስታወስ አይደል የቆምከው? እዚያ ከተዋጉት አንዱ ሳሌም ፑር፣ ገንዘብ ከፍሎ ራሱን ከባርነት የገዛ ጥቁር ነው። 14 መኮንኖች ጀግንነቱን በፊርማቸው መስክረውለታል። መኪና ቢኖረው እሱንም ይጎትቱት ነበር።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ፓርኪንግ የጠፋው ለምን እንደሆነ ታሪክዎን ሳነብ ገባኝ። በ1825 ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋዬት በተገኘበት የመሠረት ድንጋይ ተጣለልዎት። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። አሠሪዎችዎ ምን አደረጉ? ጀግኖቹ የወደቁበትን የጦር ሜዳ አብዛኛውን ለቤት መሥሪያ ሸንሽነው ሸጡት! ግንባታዎ ያለቀው በ1842 ነው። ለመታሰቢያው ሲባል የሚታሰበው መሬት ሄደ። በ2025፣ በ250ኛው ዓመት፣ ውጊያውን በትርኢት ለማሳየት የፈለጉት ሰዎች ከቦስተን ውጭ እስካለችው ግሎስተር ከተማ ድረስ መሄዳቸውም ለዚሁ ነው። ጦርነቱ ራሱ ማቆሚያ አጣ።

እንግሊዞች ኮረብታውን የያዙት ከ1,000 በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎባቸው ነው። እኔም መኪናዬን ያስመለስኩት እንዲያ ባለ ድል ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ስምዎ ባንከር ሂል ነው። የቆሙት ግን ጎረቤቱ ኮረብታ፣ ብሪድስ ሂል ላይ ነው። ያለ ቦታዎ ከቆሙ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላዎ ነው። እንዴት እስካሁን ሳይጎትቱዎት ቀሩ? የሚያውቁት ሰው ካለ ስልኩን ይላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመኪና ማጎሪያው (ቀና ብሎ ለሚያነብ ካለ)
ለእትዬ (ብሩ አርብ ደሞዝ ሲገባ ይመለሳል)