በሁዳዴ ያሸነፍነው በግ

ስድስት ለአንድ። ሰፈር ውስጥ ያልነገርኩት ሰው ስለሌለ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ የሰፈራችን ጤና ቡድን እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የአዘዞን ጤና ቡድን ስድስት ለአንድ ሸኘው። አንዷም ብትሆን በረኛችን ስልክ ሲያነሳ የገባች ናት።

ጤና ቡድን ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ» ያለው ሰውና በልጅነቱ ክለብ ሊገባ ለጥቂት እንደቀረ የሚምል ሰው የሚገናኙበት ማኅበር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ይበዛል። የጎንደራችን ክለብ ፋሲል ከነማ (አፄዎቹ የምንለው) በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ካነሳ ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት። የአፄዎቹን ማሊያ ቦርጩ ላይ ወጥሮ የሚመጣ ሁሉ ዋንጫውን አብሮ ያነሳ ይመስለዋል።

ማሸነፍ ምንም አይደለም። ጣጣው በሰፊ ውጤት ማሸነፍ ነው። አንድ ለዜሮ ብታሸንፉ «ዕድል ነው» ይሏችኋል፣ ትስቃላችሁ፣ ያልፋል። ስድስት ጎል ግን ከሰው ያጣላል፣ ያውም ጎንደር ላይ፣ ያልተጋባነውና ያልተበዳደርነው ሰው በሌለበት ከተማ። የአዘዞው ተከላካይ የባለቤቴ አጎት ናቸው። «ይቅርታ ጋሼ» እያልኩ ነው የማልፋቸው፤ እሳቸውም «እለፍ ልጄ» ይሉና ማሊያዬን ይይዙኛል። አጥቂያችን ደግሞ የአዘዞው በረኛ ገንዘብ አበድሮታል። ስለዚህ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ በተገናኘ ቁጥር ቀጥ ይልና ኳሷን ለሌላ ያቀብላል። ቡድናችን ውስጥ ኳስ የሚያቀብል ሰው ያየነው ያኔ ነው፤ አሰልጣኝ ያቃተውን ዕዳ አስተማረው።

ዳኛው የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። ፊሽካ ይነፉና «ፋውል! ደግሞ የየካቲትም አለብህ» ይላሉ። ኦፍሳይድ በስምምነት ተሰርዟል፤ ወደፊት የሄደ ሰው ለመመለስ ትንፋሽ የለውማ። አዘዞዎች ኋላ ላይ «አየሩ ከበደን» ብለው ነበር። እርግጥ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዘዞም ትንሽ ዝቅ ይላል። ግን ምጽዋ አይደለም እኮ፣ በታክሲ ነው የመጡት!

ሕጉ ዕረፍት ከ15 ደቂቃ አይብለጥ ይላል። የኛ ዕረፍት ግን ሻይ አለው፣ ዳቦ አለው፣ ማን ታመመ ማን ሞተ አለው፣ የጤፍ ዋጋ ሲነሳ ደግሞ ኳሱን የሚያስታውስም የለ። ህንድ አገር የተማረ አንድ ልጅ አለን፤ «ለእናንተስ ክሪኬት ነበር» አለን። ክሪኬት ላይ ምሳና ሻይ ሕጉ ውስጥ አሉ አሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1939 ደርባን ላይ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ 10 ቀን የፈጀ ግጥሚያ ገጥመው፣ የእንግሊዞቹ መርከብ እንዳታመልጣቸው ሲባል ብቻ አሸናፊ ሳይለይ ቀረ። የባለቤቴ አጎት ሻያቸውን አስቀመጡና፣ «አስር ቀን? ሠርግም ከነመልሱ ይህን ያህል አይፈጅ» አሉ።

ከዕረፍት በፊት አራት ለዜሮ ነበርን። አምበላችን ሰበሰበንና «በቃ ቀስ በሉ፣ ሰው ናቸው» አለን። ቀስ አልን። ቀስ ስንል ኳሱ ጭራሽ አማረብን፤ ሁለት ጨመርን። ደስታ የሚገልጽ ግን ጠፋ። ስድስተኛውን ያገባው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያውቃል፣ ወደ ውጭ ነበር የመታሁት» እያለ በረኛውን ሲለማመጥ ነበር።

አሁን ወደ በጉ እንምጣ። ውርርዱ ተሸናፊ በግ ይገዛል፣ ሁለቱም ቡድን አብሮ ይበላል ነው። ደስ የሚል ሕግ ነው፤ ብቻ ያሸነፍነው ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ነው። አዘዞዎች ፊታቸው በርቶ «እንግዲህ ለፋሲካ ይሁና» አሉ። የኛ ሰብሳቢ ነጋዴ ስለሆኑ የበግ ዋጋ ለፋሲካ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ቶሎ ብለው «ይሁን!» አሉ። ያኔ አዘዞዎች ነቁ። «እንዲያውም አሁኑኑ ገዝተን እናስረክባችሁ» ሲሉ ደግሞ እኛ ነቃን፤ እስከ ፋሲካ ማን ሊቀልበው ነው? ቢሞትስ? ቢሰረቅስ? ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ተቆጣጣሪ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ በጉ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ በገለልተኛ ወገን ቤት ይቆይ። ገለልተኛው ወገን ዳኛው ሆኑ። እሳቸውም ወዲያው የመኖ አበል ጠየቁ።

በጉ ገና ሳይገዛ ሁላችንም ፒያሳ ወርደን ተጋቢኖና በያይነቱ አዘዝን። ሂሳብ ሲመጣ አዘዞዎች ኪሳቸውን እንኳ አልነኩም። እኛም ተያየን። ስድስት ጎል አግብቶ ምሳ ማስከፈልማ ነውር ነው፤ ሰው ምን ይላል? አዋጥተን ከፈልን፣ የበረኛው ባለዕዳም በብድር ተካፈለ። የባለቤቴ አጎት ሽሮ እያስጨመሩ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ለመልሱ ጨዋታ ደግሞ አስር አግቡብን» አሉ።