የሌላ ሰው እጅ ስለጻፈው ሐሜት አይሆንም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። የሬዲዮ የመጻሕፍት ፕሮግራም ነበር። እንግዳው ስለ ዘመኑ የእንግሊዝ ልቦለድ ጥሩ አድርጎ አወራ። ስለ ዝነኞች ግለ ታሪክ ሲጠየቅ ግን «እሱማ ሐሜት ነው፤ ደግሞ ራሳቸው አልጻፉትም። እሱን ማንበብ፣ ማንበብ አይባልም» ብሎ ዘጋው። ጠያቂውም «ልክ ነው» ብሎ ዘፈን ጋበዘን።

ልክ አይደለም።

«ራሳቸው አልጻፉትም» ከሚለው ልጀምር። የእንግሊዙን ልዑል የሃሪን ግለ ታሪክ የጻፈለት ሞሪንገር የሚባል አሜሪካዊ ነው። አልተደበቀም፤ ሰውየው ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. መጽሔት ላይ በዝርዝር ጽፎታል። መጽሐፉ በወጣበት ቀን በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በካናዳ ቅድመ ትዕዛዙን ጨምሮ ከ1.4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ታዲያ የሌላ ሰው እጅ ስለጻፈው የሃሪ ታሪክ መሆኑ ይቀራል?

እስቲ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ትንሽ ቁጭ በሉ። አንዲት እናት መጥተው ጉዳያቸውን ይነግሩታል። ከመሃል ይጀምራሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የባላቸውን ወንድም ይረግማሉ። እሱ «ቆይ እማማ፣ ቤቱ መጀመሪያ በማን ስም ነበር?» ይላል። ይሰማል፣ ይመርጣል፣ ቅደም ተከተል ያስይዛል። ከዚያ ያነብላቸዋል። «አዎ፣ እንደሱ ነው። የልጄን ነገር ግን አውጣው» ይላሉ። ያወጣዋል። አሻራቸውን ያሳርፋሉ። ያ ማመልከቻ የማን ነው? ውሸት ቢገኝበት ዳኛው ፊት የሚጠየቁት ማን ናቸው? እሳቸው ናቸው እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ማዕረግ የነበረን ሕዝብ ነን እኮ! አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን ደብዳቤ የቴዎድሮስ ነው የምንለው ብዕሩን ማን ስለያዘው አይደለም። ቃሉና ቁጣው የሳቸው ስለሆነ ነው።

ገለባ የሆነ ግለ ታሪክ ሞልቷል፤ አልክድም። ገለባ ልቦለድም ሞልቷል።

«ሐሜት» የሚለው ደግሞ ይብሳል። በእንግሊዝ ለልቦለድ የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት በ2020 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ዳግላስ ስቱዋርት ነው። ግላስጎው ውስጥ መጠጥ ስላሸነፋት እናትና ስለ ትንሽ ልጇ የጻፈ ሰው ነው። የሱም እናት በመጠጥ ነው የሞተችው፣ ገና በ16 ዓመቱ። ከራሱ ሕይወት መቅዳቱን ተናግሯል። ስም ቀይሮ ሲጽፈው ጥበብ፣ ሳይቀይር ቢጽፈው ሐሜት ሊሆን ነው? በዚያው ዓመት ለሽልማቱ ከታጩት የመጨረሻዎቹ ስድስት ደራሲዎች ውስጥ የኛዋ መዓዛ መንግስቴ ነበረችበት። ከአምስቱ ዳኞች አንዱ ደግሞ ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ልቦለድ ሊዳኝ የተቀመጠው ግለ ታሪኩን ባሳተመ በዓመቱ ነው።

የለምንን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ስለ ግለ ታሪክ ባይፈርድ ይሻላል። ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወለደ። ሶሻል ወርከሩ የራሱን ስም ሰጥቶ «ኖርማን» አለው፤ ለአሳዳጊዎች ተሰጠ። በ12 ዓመቱ አሳዳጊዎቹ አንፈልገውም አሉ፤ ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ዞረ። ከማሳደጊያ ሊወጣ አካባቢ የልደት ወረቀቱን ሲሰጡት ነው እናቱ «ለምን» ብላ እንደሰየመችው ያወቀው። ፋይሉን ከዊጋን ከተማ አስተዳደር እጅ ያገኘው ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ወረቀቶቹን መጽሐፉ ውስጥ እንዳሉ አስገብቷቸዋል። ሠራተኞቹ ስለሱ የጻፉት ሪፖርት አለ፣ ከሪፖርቱ አጠገብ የሱ ቃል አለ። ይሄን የትኛው ልቦለድ ያደርገዋል?

ከወረቀቶቹ አንዱ እናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ልጇ እንዲመለስላት፣ በአገሩና በወገኑ መሃል እንዲያድግ ትጠይቃለች። አልመለሱላትም። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ቆየሁ።

የሬዲዮው እንግዳ ይህን ካነበበ መጥቶ ስለሱ ያውራን። ካላነበበ ደግሞ በሺህ ሰው ጆሮ ላይ የዘጋውን በር ራሱ ተመልሶ ይክፈተው።