ድምፁን ማንም ያሳምረዋል፤ እስኪ ኬዙን አሳዩኝ

ደንገጎ ላይ ጆሮ ይደፈናል። ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ተሰቅላለች። ሚኒባሱ ያን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ውስጥ የታሰረው አየር መውጫ ያጣል፤ ምራቅ ሲዋጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ጆሮው በላስቲክ የተወተፈ ሰው ግን ምራቅ መዋጡ ብቻ አይበቃውም። አንዱን ኤርፖድ ነቅሎ፣ አዛግቶ፣ መልሶ መሰካት አለበት። እኔ ይህን በሳምንት አምስት ቀን አደርገዋለሁ። ባቡሩን እንኳ ያስመለሰ ዳገት ነው። ሐዲዱ ሐረር መውጣቱ ከብዶ ታች ሜዳው ላይ ስለቀረ ነው እንደ ፈረንጆቹ በ1902፣ ያኔ «አዲስ ሐረር» የተባለችው፣ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ የተቆረቆረችው። ባቡሩ ያልደፈረውን እኛ በዶልፊን እንወጣዋለን፤ ሄዶ መመለሱ ሲደመር ሦስት ሰዓት ገደማ ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ኤርፖድ ስል የአፕልን ብቻ ማለቴ አይደለም። አፕል በ2016 ከአይፎኑ ላይ የኢርፎኑን ቀዳዳ አጥፍቶ ያለ ሽቦ የሚሠራውን ሲያመጣ ስሙ ለዘሩ ሁሉ ተረፈ። እኛ አገር ሦስት እግር ያለው ሁሉ ባጃጅ እንደሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኦራይሞውም፣ ሬድሚውም፣ ሳምሰንጉም፣ ስም የለሹም ኤርፖድ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ኤርፖድ ስንገዛ የምንፈትነው የማይበላሸውን ነው። ሱቅ ገብተን፣ ልጁ ከኬዙ፣ ማለትም ከሚቀመጥበትና ከሚቻርጅበት ሳጥን አውጥቶ ይሰጠናል፣ አንድ ዘፈን እንከፍታለን፣ «ቤዙ ይመታል» እንላለን፣ እንከፍላለን። ቤዝ መምታት ዛሬ ርካሽ ነገር ሆኗል፤ የትኛውም ኮፒ ለአንድ ደቂቃ ያሳምረዋል። ሰውን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ የሚያናድደው ግን ድምፁ አይደለም። ኬዙ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዬን በ1,200 ብር ገዛሁ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክዳኑን ስከፍት የጓደኛዬ አይፎን ላይ ፎቶው ሳይቀር ብቅ የሚል። (ያ ፎቶ የኦሪጅናልነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ኮፒዎቹም ያወጡታል። የሴሪያል ቁጥርም ይኮረጃል።) በሁለተኛው ወር የግራው መቻርጅ አቆመ። ኬዙ ውስጥ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ፒኖች አሉ፤ የጆሮ ኩክ፣ ላብና የድሬ አቧራ ተደባልቆ እዚያ ላይ ይጋገራል። ፒኑ ካልነካ ኤርፖዱ ኬዝ ውስጥ መግባቱን አያውቅም። ጠፍቶ ማደር ሲገባው በርቶ፣ ከስልኬ ጋር እንደተያያዘ ያድራል። ጠዋት ሰው ይደውላል፣ አነሳለሁ፣ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ፣ ዝም። ሰውዬው ቦርሳዬ ውስጥ እያወራ ነው። ፒኑን በደረቅ ጥጥ ጠርጌ፣ በአልኮል ጠርጌ ሁለት ሳምንት አተረፍኩ። ከዚያ የክዳኑ ማጠፊያ ላላና አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ኬዙ ኪሴ ውስጥ ተከፍቶ፣ ስወርድ የቀኙ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቀረ። ሱቁ ስመለስ የሰማሁት ያው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ነው፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

አሁን ሱቅ ስገባ መጀመሪያ ዘፈን አልከፍትም። ኬዙን ዘግቼ ጆሮዬ አጠገብ እነቀንቀዋለሁ፤ ውስጡ ቋ ቋ ካለ አልፈልገውም። ክፍቱን እገለብጠዋለሁ፤ ኤርፖዶቹ መውደቅ የለባቸውም። አንዱን ወደ ጉድጓዱ በጎን ጠጋ አደርገዋለሁ፣ ማግኔቱ ራሱ ስቦ ማስቀመጥ አለበት። አውጥቼ አስገባለሁ፣ አውጥቼ አስገባለሁ፣ አሥር ጊዜ፤ መብራቱ አንዴ እንኳ ከዘለለ ሌላ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቻርጅ ላይ አድርጉልኝ ብዬ ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ። ስመለስ ስልኬ ላይ የግራና የቀኙን ፐርሰንት አያለሁ። ባለሱቁ ይሰለቻል፣ አውቃለሁ።

የበለጠ የሚሰለቸው ቀጥሎ ያለው ነው። ኤርፖዱን ሰክቼ፣ ስልኬን የኋላ ኪሴ ከትቼ፣ ከሱቁ ወጥቼ መሃል መንገድ ላይ መራመድ እፈልጋለሁ። ብሉቱዝ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው፤ ሞገዱ ከግድግዳ ከጣሪያ እየነጠረ ጆሮ ይደርሳል። ሜዳ ላይ የሚነጥርበት የለም። የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ብሉቱዝ የሚሠራበትን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ይውጠዋል። ቀኝ ኪስ ያለ ስልክ ለግራ ጆሮ መድረስ ሲያቅተው ዘፈኑ ይቆራረጣል። በተለይ ድሮ እንደነበሩት ስልኩ ለአንዱ ብቻ ልኮ ያ ለጓደኛው የሚያቀብልበት ዓይነት ከሆነ፣ በመሃል ያለው ራሳችን ነው፣ ጭንቅላታችን ማለቴ ነው። ስለዚህ ኤርፖድ የሚፈተነው ውጭ ነው። አንዴ ታይዋን ገበያ ውስጥ እንዲህ ልሞክር ስል ልጁ ሳቀና፣ «አቦ፣ ይዘህ ልትጠፋ ነው?» አለኝ። መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ሙቀቱን እንርሳው ብንልም አይረሳንም። እያንዳንዱ ኤርፖድ ውስጥ ያለችው ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ናት፤ የዛሬ ስልኮች 5,000 ይይዛሉ። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሁለት ነገር ያስረጀዋል፦ ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቀመጥ። ኤርፖድ ሁለቱንም ያገኛል። ኬዙ ሁልጊዜ ይሞላዋል፣ እኛ ኬዙን ይዘን ግንቦት ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚያነድ ፀሐይ እንዞራለን፣ ይባስ ብሎ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚተወው ሰው አለ። ባትሪው ሲሞት ለሞባይል ጠጋኝ ብታሳዩትም ብዙም አያዋጣም፤ አብዛኛው በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ሳይሰበር አይከፈትም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ይሠራል የሚል ካርቶን ሳይ በልቤ አራት እለዋለሁ። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ለሐረር መንገድ እንኳን ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ለሚያወራ ነጋዴ ግን አይበቃም።

ካርቶኑ ላይ ሌላ የምታታልል ነገር አለች፤ አይፒኤክስ4 የምትለዋ። ሻጩ «ውኃ አያስገባም» ብሎ ይተረጉማታል። ከአይፒ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቦታ የአቧራ ነው፣ ሁለተኛው የውኃ። ኤክስ ማለት ለአቧራ ያልተፈተነ ማለት ነው። 4 ደግሞ የውኃ ፍንጣቂን እንጂ መነከርን አትችልም። እንግዲህ አስቡት፤ ዝናብ በዓመት ጥቂት ወር ብቻ በሚጎበኘን፣ አቧራ ግን ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን በየቀኑ በሚቀበለን ከተማ፣ እኛን የሚመለከተው ቁጥር ነው ባዶ የተተወው። አይፒ54 ወይም አይፒ55 ካገኛችሁ የመጀመሪያዋ 5 ለእኛ የተጻፈች ናት። እሷም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኤርፖዶቹ እንጂ ስለ ኬዙ አትናገርም። ዞሮ ዞሮ ኬዙ ላይ መጣን።

ማይኩ ግን ከኬዙ እኩል ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም እኛ ከዘፈን ይልቅ የምናወራ ሕዝብ ነን። አወዳይ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ተመልከቱ፤ የጫት ነጋዴዎቹ ሁለት እጃቸው እስር ይዞ በጆሯቸው ዋጋ ይቆርጣሉ። ባጃጅ ደግሞ በር የለውም። ነፋሱ በቀጥታ ማይኩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ደዋዩ የሚሰማው አውሎ ነፋስ ነው። እናቴ በሁለተኛው ቃል ላይ «ልጄ፣ እሱን ነገር ከጆሮህ አውጣውና አናግረኝ» ትለኛለች፤ ልክ ናት። ስለዚህ ስገዛ ከመንገድ ዳር ለአንድ ሰው ደውዬ እንዴት እሰማለሁ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ ከምሰማው ይልቅ እሱ የሚሰማው ነው የሚፈትነው። በዚህ በኩል ወደ አፍ የሚወርድ ዘንግ ያለው ዓይነት በእኔ ግምት ከባቄላ መሳዩ ይሻላል።

እህቴ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ነገረችኝ። ሻሽ ታስራለች። ኤርፖዱ በጣት ሲነካ የሚታዘዝ ስለሆነ ሻሿን ባስተካከለች ቁጥር ዘፈኑ ይቆማል፣ አንዳንዴም በሰው ላይ ስልክ ትዘጋለች። ሂጃብ የምትለብስ ጓደኛዋም እንዲሁ። ንክኪውን በአፑ ማጥፋት የሚቻልበትን ወይም እውነተኛ ቁልፍ ያለውን መግዛት ነው መፍትሔው። ግማሹ ደንበኛ ራሱን በሚሸፍንበት ከተማ ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም።

ኖይዝ ካንስሊንግ የሚሉት ነገር ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። የሚሠራው ውጭ ያለውን ድምፅ በማይክ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ በመፍጠር ነው፤ ስለዚህ የሚያሸንፈው ሳይለዋወጥ የሚያጉረመርመውን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ለእሱ የተሰናዳ ምግብ ነው። ክላክስን፣ የረዳቱን «ሂሳብ!»፣ ሾፌሩ የከፈተውን ሙዚቃ ግን ብዙም አይነካም። እንግዲህ ለሐረር ተመላላሽ ገንዘቡ ይገባዋል እላለሁ፤ የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም፣ ለጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል፤ 90 ላይ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሞተሩን ለመብለጥ ድምፅ ወደዚያ ካደረስኩት የሳምንቱ ኮታዬ ማክሰኞ ጠዋት ሐረር ሳልገባ አለቀ ማለት ነው። እዚሁ ድሬ ውስጥ ከቀዚራ መጋላ በባጃጅ ለሚሄድ ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ስለሚነዳ ሾፌር ምንም አልጽፍም፤ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ኤልዳክ፣ አፕትኤክስ የሚሏቸውን በብሉቱዝ ድምፅ የመላኪያ ዘዴዎች እርሱት። ከቲክቶክ ለወረደ ዘፈን ምንም አይጨምሩም፤ አይፎንም ሁለቱንም አይጠቀምም።

ወደዚያ «አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት ልመለስ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ወረቀቱ ከአዋጅ አይበልጥም። ግን ደረሰኝ ሳይኖረው ማን ተከራክሮ ያሸንፋል? ባለሱቆችን አልወቅስም ማለት አልችልም፣ ግማሹን ችግር ግን እኛ ነን የፈጠርነው፤ 200 ብር ይቀነስልን ብለን ደረሰኙን እንተዋለን።

አሁን ያለኝን በ4,500 ብር ገዛሁ፤ መካከለኛ ስም ያለው፣ አይፒ54፣ ጥቁር። ባለሱቁ ደረሰኝ ቆረጠልኝ። ስለ 15 ቀኑ ስነግረው ትንሽ አሰበና የካርቶኑን ክዳን ቀደደ፤ ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፈ፣ «እስከ 15 ቀን ይለወጣል» ብሎ ፈረመበት። በአሥራ አንደኛው ቀን የቀኙ መቆራረጥ ጀመረ። ይዤለት ሄድኩ። ወረቀቱን አየ፣ ፊርማው የራሱ መሆኑን አየ፣ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደልኝ። እሱን ስቀበል ኬዙን ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት።