ሜዳውን ሰገነት ያደረግን ሰዎች

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ እንቆጣጣ። ከመንዝ እስከ ይፋት፣ ከቡልጋ እስከ መርሐቤቴ ያላችሁ ሁላችሁም። እኔም አለሁበትና ዱላው ለእኔም ይድረሰኝ።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ያለፈውን ደመራ እኔ ጋ ከተማ መጥተው አከበሩ። አከበሩ ማለት እንኳ ይከብዳል። አደባባዩ አዲስ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለብሷል፣ መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለው። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ነበር። የመጀመሪያውን ደረጃ እንደረገጡ ምርኩዙ ሸተት አለ። ሁለት ጎረምሶች ባይደግፏቸው ኖሮ ዳሌያቸው ነበር የሚሰበረው። ከዚያ በኋላ አስፋልት ዳር ቆመው በሰው ትከሻ መሃል ጭሱን አዩ። "ልጄ፣ ምን አስቸግሯቸው ነው ሜዳውን ሰገነት ያደረጉት?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራ ሌሎቻችሁ "ተመስገን፣ እኛን አይደለም" ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ያው ነው።

"ማዘጋጃ ቤቱ ነው" አትበሉኝ። ዲዛይኑ ለውይይት ቀርቦ ነበር። መሐንዲሱ በፕሮጀክተር አሳየን፣ "ጥያቄ ያለው?" አለ። አንዱ ስለ ካሳ ጠየቀ፣ አንዱ ስለ ባጃጅ መቆሚያ። ሌሎቻችን አጨበጨብን፣ ለስላሳችንን ጠጥተን ወጣን። "ሽማግሌ በየት ይግባ?" ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ግን የማናውቀው ነገር ሆኖ ነው? ድንጋይ ላይ የተወለድን ሰዎች ነን። መንዝ ሄዳችሁ ቤቱን እዩት። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። የአክስቴ ግቢ ካብ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም፣ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። አባቶቻችን የጓሳን ሜዳ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ እያጨዱ አቆይተውልናል። የጋራ ቦታን መጠበቅ ከእነሱ በላይ የሚያስተምረን ማን አለ? እኛ ግን ጥቁር ድንጋዩን አፍንጫችን ስር ትተን፣ ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ሴራሚክ በኮንቴይነር እናስመጣለን። ዝናብ ሲነካው ሳሙና፣ ውርጭ ሲመታው በረዶ።

ስለ ውርጭ ካነሳን፣ የብረት ወንበሩ ነገርም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ብረት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስክር። ሽማግሌ ቀርቶ ወጣቱም ብድግ ይላል። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ የሚፈልገው ፀሐይ የሚሞቁበትና ነፋስ የማያገኘው ጥግ ነው። ከጀርባው የድንጋይ ካብ፣ መቀመጫው የጥድ እንጨት የሆነ መደብ። ጥድ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ብርድም እንደ ብረት አይይዝም። ከፍታው አንድ ክንድ ያህል ከሆነ፣ ዳር ላይም መደገፊያ ካለው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው "እግዚኦ" ሳይል ይነሳል። ታች ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሌላ አገር ነው። 1,300 ሜትር ገደማ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥላ ነው፤ ዋርካና ሾላ። ታዲያ ደጋውንና ቆላውን አንድ ዓይነት ፋውንቴንና አንድ ዓይነት ዘንባባ ምን አገናኛቸው? ኮፒ ፔስት ነዋ!

አንድ ነገር ላስተካክል። የተፈጥሮ ድንጋይ ሁሉ ደግ ነው እያልኩ አይደለም። ኮብልስቶናችን ጥሩ ነገር አለው፤ አሸዋ ላይ ስለሚነጠፍ ውኃ ያሰርጋል፣ ቢሰምጥም ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል። ግን ክፍተቱ የክራንች ጫፍ ይውጣል፣ ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጠዋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በኮብልስቶኑ መሃል አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ ጥብቅ ተደርጎ የተነጠፈበት መሄጃ ይውጣለት። ላዩ አይለስልስ፣ በመሮ ይነካካ። ለዓይነ ስውራን ዳሩን በሸካራ ድንጋይ መለየት ይቻላል፣ በትራቸው ይነግራቸዋል። ጃፓኖች ይህንኑ እብጠት ምልክት ባላቸው ንጣፎች እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ላይ ጀመሩት። እኛ ጠራቢዎች አሉን፣ ንጣፉን ከጃፓን ማምጣት አይጠበቅብንም።

ደረጃውስ? ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት፣ ልኩ ይህ ነው። የአክስቴ ሦስት ደረጃ ግማሽ ሜትር ቢሆን ስድስት ሜትር ይበቃዋል። ስድስት ሜትር መሬት አጥተን ነው? አንዳንድ ቦታ ተዳፋት ተሠርቶ አይቻለሁ። ቁልቁለቱ ግን ለዊልቸር ሳይሆን ለበረዶ ሸርተቴ ነው የሚመስለው። ለይስሙላ የተሠራ ነገር ካልተሠራው ይብሳል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ወረቀቱ አለ። ደግሞ ዙሪያችሁን እዩ። በጦርነት እግሩን ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለ ስንት ሕፃን አለ፣ የሚሮጥበት ሜዳ የሌለው። እኛ ግን ሣሩን በብረት አጥረን "መርገጥ ክልክል ነው" እንላለን። ሽንት ቤቱን ሠርተን ቁልፉን አንድ ዘበኛ ኪስ ውስጥ እናስቀምጣለን። እናቶች የት ይሂዱ? ይኼን ስብሰባ ላይ ለማንሳት እናፍራለን፤ ግንብ ስር መሽናት ግን አያሳፍረንም።

በሚቀጥለው ውይይት ስትጠሩ ቀድማችሁ ቦታውን ሂዱና እዩት። ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ምርኩዝ የያዘ ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ከተገኘም ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጠራቢም ጨምሩ፣ ስለ ድንጋይ ከፕሮጀክተሩ ይልቅ እሱ ያውቃል። ያያችሁትንም ስብሰባው ላይ ተነስታችሁ ተናገሩ።

አክስቴ ባለፈው ሳምንት ደውለው "ዘንድሮም ለደመራ እመጣለሁ" አሉኝ። ከሥራ ስመለስ በዚያው በኩል አለፍኩ። ሦስቱም ደረጃዎች አሉ።