ኮድ ሰጪዋ ትጠይቅ፣ ሐኪሙም ይመልስ

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ካርዱ ገና ሥራ ይቀረዋል። ኮድ ሰጪ የሚባል ባለሙያ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ሐኪሙ የጻፈውን፣ ነርሷ የመዘገበችውን፣ የላብራቶሪና የራጅ ውጤቱን ሁሉ ያያል። ከዚያ ያ ሁሉ ወረቀት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ መሠረት ወደ ጥቂት ፊደልና ቁጥር ይለወጣል። አይ10 የደም ግፊት ነው። ኢ11 ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ። ጄ18.9 ደግሞ መንስኤው ያልተገለጸ የሳንባ ምች።

የሆስፒታሉ ሪፖርት የሚነሳው ከእነዚህ ኮዶች ነው። የጤና ስታቲስቲክስ፣ የመድኃኒት ዕቅድ፣ በብዙ አገሮች ደግሞ ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ገንዘብም እንደዚያው። ይህን ያህል የተሸከመ ሥራ ግን ብዙ ቦታ እንደ ጽሕፈት ሥራ ነው የሚታየው። "ካርዱን አይቶ ቁጥር መሙላት ነው፤ ነገ ኮምፒዩተር ይሠራዋል" ሲባል እሰማለሁ። በፍጹም አልስማማም። ኮድ መስጠት ማንበብና መወሰን ነው። ውሳኔው ትክክል እንዲሆን ደግሞ ኮድ ሰጪዋ ሐኪሙን የመጠየቅ መብት ሊኖራት፣ ሐኪሙም የመመለስ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ይህ በሌለበት ሆስፒታል ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ብዙም አይራመድም።

ለምን እንደምል በምሳሌ ላሳይ። ስኳር ያለባት አንዲት እናት እግሯ ቆስሎ ተኛች እንበል። ቁስሉ ተጸዳ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፣ ተሽሏት ወጣች። ሐኪሙ የመውጫ ማጠቃለያው ላይ "አንደኛ የእግር ቁስል፣ ሁለተኛ የስኳር በሽታ" ብሎ ፈረመ። ለሚያክማት ሰው ይህ በቂ ነው፤ ቁስሉ ከምን እንደመጣ ያውቀዋል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ በአይሲዲ 10 ግን መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ቁስሉ ስኳሩ በደም ሥሮቿ ላይ ካደረሰው ጉዳት የመጣ መሆኑ ከተጻፈ ጉዳዩ ኢ11.5 ሥር ይገባል። ግንኙነቱ ካልተጻፈ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሊመዘገቡ ይችላሉ፦ ኤል97 የእግር ቁስል፣ ኢ11.9 ደግሞ "ተያያዥ ጉዳት ያላስከተለ" የስኳር በሽታ። እግሯን ልታጣ የነበረች ሴት በሪፖርቱ ላይ ስኳሩ ምንም ያላደረጋት ሰው ሆና ትቆጠራለች። የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚከታተል ክሊኒክ ያስፈልግ እንደሆነ ሊወስን የተቀመጠ ኃላፊም ያንን ቁጥር ያይና "ችግሩ ያን ያህል አይደለም" ይላል።

ኮድ ሰጪዋ ካርዱን ስታነብ ነገሩ ይገባታል። ግን ከራሷ ልትጽፈው አትችልም። ሙያው እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የስኳር መጠን ከፍ ብሎ የታየበት ወረቀት ብቻውን የስኳር በሽታ ኮድ አያሰጥም። የታዘዘውን መድኃኒት አይቶ በሽታውን መገመትም አይፈቀድም። በሽታውን የሚሰይመው ያከመው ሐኪም ነው። ደንቡ ልክ ነው፤ ግምት ከተፈቀደ ሪፖርቱ የኮድ ሰጪዎች አስተያየት ይሆናል። ችግሩ፣ አትገምቺ የተባለችው ሴት ብዙ ጊዜ ጠይቂም አለመባሏ ነው። ጠይቃም መልስ ሳታገኝ ስትቀር የሚተርፋት በነጥብ ዘጠኝ የሚያልቀው ኮድ ነው። በአይሲዲ 10 ውስጥ ነጥብ ዘጠኝ አብዛኛውን ጊዜ "ያልተገለጸ" ማለት ነው።

"ያልተገለጸ" ብሎ መመዝገብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። አንዳንዴ ሐኪሙም በእርግጥ አላወቀም። ያወቀውን ሳይጽፈው ሲቀር ግን ያሳዝናል። ሐኪሙ "ወባ" ብሎ ብቻ ከጻፈ ኮዱ ቢ54 ነው፣ ዓይነቱ ያልታወቀ ወባ። ፋልሲፓረም ቢል ቢ50፣ ቫይቫክስ ቢል ቢ51 ይሆን ነበር። የሁለቱ ሕክምና አንድ አይደለም፤ መድኃኒት የሚያቅደው ሰው ልዩነቱን ማወቅ አለበት። የአንድ ቃል ጉዳይ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ዋናው ሕመም የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ አዛውንት ከደረጃ ላይ ወደቁና የጭን አጥንታቸው አንገቱ ላይ ተሰበረ። ኤስ72.0። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ ተኝተው ሳለ የሳንባ ምች ያዛቸው፣ ከስብራቱ በላይ ያቆያቸውም እሱ ሆነ። ታዲያ ዋናው የቱ ነው? በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ዋና ሕመም የሚባለው፣ ሕክምናው ሲያበቃ ለታካሚው መታከም ወይም መመርመር ዋና ምክንያት የሆነው ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነም ብዙ አቅም የፈጀው ይመረጣል። በአሜሪካ ደንብ ግን ከተመረመረ በኋላ ሆስፒታል ያስገባው ሕመም ነው የሚፈለገው፤ እዚያ ስብራቱ ይቀድማል። ካርዱ አንድ፣ ደንቡ ሁለት፣ መልሱም ሁለት። ይህንን ቁጥር በመሙላት ብቻ የሚፈታ ሰው ካለ ያሳየኝ።

ስብራቱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እንዴት እንደወደቁ የራሱ ኮድ አለው። ከደረጃ ከሆነ ደብልዩ10፣ ከአልጋ ከሆነ ደብልዩ06፣ ካልተጻፈ ደብልዩ19። አደጋን ለመከላከል የሚሠራ ሰው ስብራቱን ከማወቅ ይልቅ አወዳደቁን ማወቅ ይጠቅመዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በጥድፊያ የሚዘለለው ደግሞ ይኸው ነው።

"ምን ጀመረው?" የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። ምደባው መጀመሪያ የተዘጋጀው ሞትን ለመቁጠር ነበር። ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሰው ዣክ ቤርቲዮን ያዘጋጀው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር በፈረንጆች 1893 ቺካጎ ላይ ጸደቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነቱን የተረከበው በ1948 ነው፤ በዚያው በስድስተኛው እትም ከሞት ምክንያት በተጨማሪ ሕመምም ገባበት። የሞት ምስክር ወረቀት ላይ እስካሁን የሚፈለገው ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት የጀመረው በሽታ ወይም ጉዳት ነው። "ልቡ ቆመ" ተብሎ የተሞላ ወረቀት ምንም አይነግረንም። የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ቆሟል።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይወሳሰባል። በዋናነት አዛውንቶችን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ በ1983 ሆስፒታሎችን በየሕመሙ ምድብ መክፈል ጀመረ። ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ኮድ ዋጋ አለው። ከባዱን ኮድ መርጦ ብዙ ማስከፈል የሚታወቅ ማጭበርበር ነው። ስለዚህ ኮድ ሰጪዋ ሐኪሙን ትጠይቅ ስል አንዳንዱ "ይኸው፣ ለገንዘብ እንዲጻፍ መገፋፋት ሊመጣ ነው" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን መጠየቅን መከልከል ሳይሆን አጠያየቁን ማስተካከል ነው።

"ዶክተር፣ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ የሚፈጠር ከባድ ሕመም) ብለው ይጻፉልን" ብሎ መላክ ማዘዝ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ያስቀምጣል። "ታካሚው ከፍተኛ ትኩሳት ነበረው፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ነበር፣ የደም ካልቸሩ ባክቴሪያ አሳይቷል፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀምሮለታል። በእርስዎ እይታ ይህ ሁኔታ ምን ነበር?" ይላል። ምርጫ ከተሰጠም "ሌላ" እና "መወሰን አይቻልም" የሚሉት ይካተቱበታል። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አይነሳበትም። ጥያቄውም መልሱም ከካርዱ ጋር ይቀመጣሉ፤ ነገ ኦዲተር ቢመጣ ማን ምን ጠይቆ ማን ምን እንደመለሰ ይታያል። በዚህ መልኩ ከተሠራ መጠየቅ ራሱ የማጭበርበር መከላከያ ነው። ኮዱን የሚያሳንስ ጥያቄም በዚያው መንገድ መሄድ አለበት፦ "ሴፕሲስ ተጽፏል፣ ካርዱ ውስጥ ግን ይህን የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም፤ ቢያረጋግጡልኝ?"

ስለ ኮምፒዩተሩም ላንሳ። የምደባው አዲስ እትም አይሲዲ 11 በ2019 ጸድቆ በፈረንጆች ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ሲደረግ ከመነሻው ለኮምፒዩተር ታስቦ ነው የተዘጋጀው። ኮዶችን እርስ በርስ አያይዞ አንድን ጉዳይ በዝርዝር መግለጽ ይቻላል። ጽሑፍ አንብበው ኮድ የሚጠቁሙ ፕሮግራሞችም አሉ። ቢጠቀሙባቸው ደስ ይለኛል፤ ረጅም ካርድ ውስጥ የተደበቀ ቃል ለማግኘት ይረዳሉ። ነገር ግን ያቺ እናት ካርድ ላይ ቁስሉ ከስኳሩ መምጣቱ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ማሽኑም ከግምት ውጪ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። እንዲያውም ዝርዝር ምደባ በመጣ ቁጥር ከሐኪሙ የሚፈለገው ዝርዝር ይጨምራል፤ የሚጠየቀውም ይበዛል።

ሐኪሞች ላይ መፍረድ አልፈልግም። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው በሐሳቡ የያዘው ቀጣዩን ታካሚ ነው። ማጠቃለያውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ጀማሪ የሆነው ሐኪም ነው፤ የጻፈው ምን ላይ እንደሚውል የነገረውም የለም። ኮድ ሰጪዎቹም በቀን ስንት ካርድ ጨረሱ በሚል ብቻ ይለካሉ። እንዲህ የምትለካ ሴት አንድ ጥያቄ ልካ መልስ ከምትጠብቅ ነጥብ ዘጠኝን መርጣ ወደሚቀጥለው ካርድ ብትሄድ አልፈርድባትም።

ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥያቄው ታካሚው ሳይወጣ ወይም በወጣ ሰሞን ይላክ፤ ከወራት በኋላ ሐኪሙም አያስታውስም። መልስ የሚሰጥበት ቀን ይወሰን፣ ያልመለሰውን የሚያስታውስ የክፍል ኃላፊ ይኑር። አዲስ ሐኪም ሥራ ሲጀምር ከኮድ ሰጪዎቹ ጋር ተቀምጦ የራሱ ማጠቃለያ ወደ ምን እንደተለወጠ ይይ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከነገ ጀምሮ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። በየክፍሉ ካለፈው ወር ኮዶች ስንቱ "ያልተገለጸ" እንደሆኑ ያስቆጥር። ዝርዝሩን ወደ ሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ ይውሰደው፣ ኮድ ሰጪዋንም አብራ እንድትቀመጥ ይጥራት።