የክሌማቲስ ሻጮች፣ እባካችሁ ምድቡን ንገሩን

ዛሬ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላውጣው። ክሌማቲስን፣ ማለትም የአዞ ሐረግ ወገን የሆነውን ባለአበባ ሐረግ፣ ብርድ በሚበረታበት ቦታ የተከላችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ልትተክሉ ያሰባችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡልኝ።

ችግኙ ሲሸጥ አንድ ካርድ ይንጠለጠልበታል። ካርዱ ላይ ከመዳፍ የሰፋ፣ ዓይን የሚስብ ሐምራዊ አበባ አለ። ከሥሩ «ብርድ ይችላል» ይላል። አንዳንዱ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጭምር ይጽፋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ሰው ይህችን ካርድ አምኖ ይከፍላል፣ ይቆፍራል፣ ኮምፖስት ያለብሳል፣ ውኃ ያጠጣል። ሐረጉ አይሞትም፤ እሱ እውነት ነው። በየዓመቱ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። አበባው ግን የት አለ?

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚያናድደኝም ይህን ያህል ቀላል ነገር አለመነገሩ ነው። ካርዱ የሚያወራው ስለ ሥሩ ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ላዩ ላይ የሚከመረው በረዶ ራሱ ከከፋው ብርድ ይጋርደዋል። ግንዱ ግን ሜዳ ላይ ለንፋስና ለውርጭ ተሰጥቶ ነው የሚከርመው። የአበባው ጉዳይ ያለው ደግሞ እዚያ ግንድ ላይ ነው።

ክሌማቲስ በአገራረዙ በሦስት ምድብ ይከፈላል። ምድብ 1 በፀደይ መጀመሪያ በአምናው ግንድ ላይ ያብባል። ምድብ 2 ዋናውን አበባ የሚሰጠው ከአምናው ግንድ በሚወጡ አጫጭር ቅርንጫፎች ነው። ምድብ 3 ዘንድሮ በበቀለው ላይ ያብባል። ካርዶቹ ላይ የምናያቸው እነዚያ ትልልቅ አበቦች ብዙዎቹ የምድብ 2 ናቸው። ብርዱ የአምናውን ግንድ እስከ አፈር ድረስ ሲያደርቀው የዓመቱ ዋና አበባ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሐረጉ ከሥር እንደገና ይነሳል፣ ጉልበቱን ግንድ ለመሥራት ይጨርሳል። ወደ መጨረሻ ላይ ጥቂት አነስ ያሉ አበቦች ቢያወጣ ጥሩ፤ አለበለዚያ ውርጩ ይቀድመዋል።

ድርብ አበባ ያላቸው ደግሞ ይብሳሉ። ቪቪያን ፔኔል የምትባለዋን ዝርያ ውሰዱ። ያ ተደራራቢ አበባዋ የሚመጣው በአምናው ግንድ ላይ ነው። በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ የምታወጣው ነጠላ ነው። ስለዚህ ብርድ በበዛበት ቦታ የተከለ ሰው ፎቶው ላይ ያለውን አበባ ላያየው ይችላል። ይህን ሻጩ ያውቃል፤ ካላወቀም ማወቅ ነበረበት።

በዚህ ላይ መካሪው! አበባ እምቢ አለኝ ስትሉ ሁሉም አፉን ሞልቶ «ከሥሩ ቁረጠው፣ ያኔ ያብባል» ይላል። የትኛው ምድብ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለምድብ 3 ምክሩ ልክ ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ፣ ጤናማ ከሆኑ ጥንድ ቡቃያዎች በላይ መቁረጥ ነው። የምድብ 1 የሆነውን አልፒናን በዚያን ጊዜ እንዲህ ብታደርጉት ግን የዓመቱን አበባ በመቀስ ጣላችሁት።

«ሞቷል፣ ንቀለው» የሚሉትንስ ምን ልበላቸው? አዎ፣ በፀደይ መግቢያ ክሌማቲስ የሞተ ይመስላል። ግንዱ ቡናማ ነው፣ ልጣጩ በረዣዥም ክር ይቀረፋል፣ ትንሽ ከጎበጠ ቀሽ ይላል። ግን ጠጋ ብላችሁ መገጣጠሚያውን እዩት። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቡቃያዎች አብጠው ታገኛላችሁ። ቡቃያ ካልታየ በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ከላይ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ አፈር ውስጥ ያለው ክፍል ዘግይቶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ስንቱ ደህና ሐረግ በዚህ ምክር ተነቅሎ ተጥሏል!

ትልልቅ አበባ ያላቸውን ሲተክሉ የግንዱን መነሻ ከአፈሩ ወለል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ውርጭ ላዩን ቢወስደው፣ ወይም ካሎፎማ ክሌማቲዲና የሚባለው ፈንገስ ግንዱን በድንገት አጠውልጎ ቢያጠቁረው፣ ከአፈር በታች የተረፈው ቡቃያ ይተካዋል። ይህም ካርዱ ላይ የለም።

መደገፊያውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከችግኙ ጋር ወፍራም የእንጨት መደገፊያ ይሸጡልናል። ክሌማቲስ የሚወጣው የቅጠሉን አገዳ ጠምጥሞ ነው፤ ያቺ ቀጭን አገዳ ወፍራም እንጨት ዞራ መያዝ አትችልም። ቀጭን ሽቦ ወይም ሲባጎ ነው የሚያስፈልጋት።

የሚያበግነኝ መፍትሔው እዚያው መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ጃክማኒ አለ። የቪቲሴላ ዝርያዎች አሉ፤ እነሱ ያ ፈንገስ እንኳ ብዙም አይደፍራቸውም። ቢጫው ታንጉቲካ አለ። ሁሉም ምድብ 3 ናቸው። ብርዱ ግንዳቸውን እስከ መሬት ቢያደርቀው ምንም አይደለም፤ ድሮም የሚቆረጥ ነው። በፀደይ የሚያብብ ለሚፈልግ ደግሞ አልፒናና ማክሮፔታላ አሉ፤ ግንዳቸው ራሱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን የሚቋቋም ነው።

ታዲያ ካርዱ ላይ «ምድብ 3፣ በዘንድሮው ቅርንጫፍ ያብባል» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ፎቶውን ትንሽ አሳንሱትና ጻፉት። እናንተም ገዢዎች፣ ምድቡን ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ችግኙን መልሳችሁ አስቀምጡለት።